ጥቁር የቀባሁት ቤት

ቤቴን ጥቁር የቀባሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ አልጠጣሁም፤ አእምሮዬም ያን ጊዜ ደህና ነበር ይባላል። ጣሪያውንም ግድግዳውንም መሰላል ላይ ወጥቼ እያፏጨሁ አጠቆርኩት። ስጨርስ ወርጄ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ "አቤት ሲያምር!" አልኩ። ዕድሜ ልኬን በቀለም ያደርኩ ሰው ነኝ። ጥቁር ቀለም ፀሐይ እንደሚጠጣ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ በበጋ ቀብር የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ጥቁር ኮት ነበረኝ። ኮትና ቤት አንድ መሆናቸው ግን ያን ቀን አልታየኝም።

ምክንያት ነበረኝ። ሞኝ ሰው ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነበር። መንግሥት ተቀይሮ ንግድ ሲፈቀድ ከተማው ሁሉ ሱቅ ከፈተ። ሱቅ የከፈተ ሁሉ ታፔላ ያጽፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ግማሹ ይከስርና ታፔላው "ላሜራውን ተጠቀምበት" ተብሎ እኔው ጋ ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግቢዬ የከሰሩ ሱቆች መቃብር ሆነ። ከመካኒሳ አቦ አልፎ ወደ ለቡ ሲኬድ፣ ቤቱ እየሳሳ እርሻው የሚጀምርበት ጋ ጎጆ ልወጣ ስነሳ፣ ጎረቤቱ ሁሉ "ጭቃ ቤት ሥራ፤ ጭድ ግዛ እንጂ ለማቡካቱ እናግዝሃለን" አለኝ። እኔ ጭቃ ማቡካት ሲባል ገና ስሙን ስሰማ ወገቤን ያመኛል። አጠና ተከልኩና ታፔላዎቹን በላዩ ቸነከርኳቸው። አንድ ክፍል ቤት ወጣኝ።

ችግሩ፣ ቤቱ ይነበባል። በበሩ በኩል "ዘመናዊ የወንዶች ፀጉር ቤት"፣ በጎኑ "ጎማ እንጠግናለን"፣ አልጋችን የተጠጋበት ግድግዳ ላይ ደግሞ በውጭ በኩል "የሬሳ ሳጥን በየዓይነቱ"። ጠዋት ጠዋት ፀጉር ሊቆረጥ የሚመጣ አይጠፋም ነበር። አንዱን እንዲያውም ቆርጬዋለሁ፤ ተመልሶ አልመጣም። ሚስቴ በዚህ ሁሉ ትስቅ ነበር። ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት ግን ዓይኑ የቀላ አንድ ሰውዬ በሩን አንኳኳ። ሐዘኑ ዓይኑን ጋርዶት ሆዷን አላየም መሰለኝ፣ "እህቴ፣ የሕፃን ልክ አላችሁ?" አላት።

በሩን ዘጋችበትና ስታለቅስ ዋለች። ማታ ስገባ "ያንን ጽሑፍ አጥፋልኝ" አለችኝ። እጄ ላይ የነበረው ከአንድ የብረት በር ሥራ የተረፈ ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። ግድግዳውን ቀባሁ። ተረፈኝ። ጣሪያውንም ቀባሁ።

ሚስቴ ወጥታ አየችው። "አሁን ደግሞ ሐዘን የተቀመጠበት ቤት አስመሰልከው" ብላ ገባች።

ልጃችን የካቲት አጋማሽ ላይ ተወለደች። አማቴ ሊያርሷት ከመንዝ መጡ።

አማቴ ደጋ ተወልደው ደጋ ያረጁ፣ ውርጭን እንደ ክፉ ጎረቤት የሚያውቁ ሴት ናቸው። እኔን "እርስዎ" ነው የሚሉኝ፤ በአገራቸው አማች ይከበራል። መከበር ጥሩ ነው ትላላችሁ? "እርስዎ" የሚልህን ሰው እንዴት አድርገህ "አይሆንም" ትለዋለህ? እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ መሬት መሬት እያዩ ያዛሉ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እፈጽማለሁ። አማችና አማት ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ክርክርማ የት ተሰምቶ!

ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ መስኮቱን ዘጉት። ቤቱ ያለው አንድ መስኮት ነው። ቀረቀሩትና ጠርዝ ጠርዙን በቡትቶ ጨርቅ ወተፉት። "እመጫት ያለችበት ቤት ነፋስ አይገባም" አሉ። በሩ ላይ መጋረጃ በመጋረጃ ሰቀሉ። ውስጥ ከሰል ይነዳል፤ ገንፎ ይገነፋል። ሚስቴ በጋቢ ተጠቅልላ፣ ጭንቅላቷን በሻሽ አስራ ትቀመጣለች። ልጅቷ በጨርቅ ላይ ጨርቅ ተደርቦባት፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው። ልትጠይቅ የምትመጣ ጎረቤት ሁሉ ገና ከደጃፍ "መስኮቱ ተዘግቷል አይደል?" ትላለች። አማቴ ወደ መስኮቱ ቀና ብለው "ተዘግቷል" ይላሉ። እንግዳዋም አየት ታደርግና ደስ ብሏት ትቀመጣለች።

ይሄ ሁሉ መንዝ ላይ ትክክል ነው። የድንጋይ ቤት፣ የሣር ክዳን፣ ውጭው አመዳይ። የእኔ ቤት ግን ጥቁር ላሜራ ነው፤ ወሩ ደግሞ መጋቢት ሊገባ ነው።

ከረፋዱ ጀምሮ ላሜራው "ቋ! ቋ!" እያለ ይለጠጣል። እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው እጅ አያስነካም። መብራት ሲጠፋ ብለን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥነው ሻማ፣ ማንም ሳይለኩሰው፣ ወገቡ ላይ ጎብጦ እንደ ሽማግሌ መሬት መሬት ያያል። እኔ ሥራ አለኝ እያልኩ ደጅ እውላለሁ። ልጅቷ ግን ሥራ የላትም።

የመጀመሪያ ብልሃቴ ውሃ ነበር። ቦኖ ተሰልፌ በጀሪካን አመጣሁና ጣሪያው ላይ ወጥቼ ደፋሁት። "ጥሽሽሽ!" አለ። ግማሹ እንፋሎት ሆነ፤ ግማሹ በምስማሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተንጠባጠበ። ከውስጥ የአማቴን ድምፅ ሰማሁ፤ "እግዚኦ! በዚህ ወር ዝናብ? ልጅቷን ብርድ ሊገባት ነው!" ወርጄ ስገባ ሌላ ብርድ ልብስ ደርበውባታል። ያ ነው የእኔ እርዳታ።

ከዚያ ልጅቷ ማልቀስ ቀነሰች። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ፤ "ጨዋ ልጅ ወለድኩ" ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። የገባት ሚስቴ ናት። አማቴ እጣቢ ሊደፉ ወጣ ሲሉ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። መዳፏ በላብ ያዳልጣል።

"ጡት ትይዝና ትተወዋለች" አለችኝ በሹክሹክታ። "ገላዋ ሽፍ ብሏል። ልጄ እየቀለጠችብኝ ነው። አንድ ነገር አድርግ።"

"ለእናትሽ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ! እኔማ እንዴት ብዬ?"

"አልችልም።" ወደ በሩ አየች። "ከእኔ በፊት ወንድም ነበረኝ። በጨቅላነቱ በብርድ ነው የሞተው። ጥጃ ጮኸ ብላ በሩን ከፍታ የወጣችው እናቴ ናት። አንድ ቀን ከአፏ አውጥታው አታውቅም፤ አክስቴ ናት የነገረችኝ። አሁን መስኮት ክፈቺ ልበላት?"

ቀልድ ፈለግኩ፤ አጣሁ።

በነጋታው ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ አማቴም "ፀሐይ ያያትና ምች ይመታታል" እያሉ፣ ጃንጥላ ይዘው ከኋላችን። ነርሷ ጨርቁን አንድ ባንድ ፈታችና ቀና ብላ አየችን። "ልጅቷን እየቀቀላችኋት ነው እንዴ?" አለች። ሙቀት ነው፣ ሌላ ምንም የለባትም፤ ስስ ልብስ አልብሷት፣ ቶሎ ቶሎ ጡት ስጧት፣ አየር ያለበት ቤት አስተኟት አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለእኔ፤ "ጭራሽ አልጠባም ካለች ወይ ከዛለችባችሁ፣ አንድ ደቂቃ እንዳትቆዩ። ሆስፒታል ይዛችሁ ብረሩ።"

ስንመለስ አማቴ ከጃንጥላው ሥር "ለመሆኑ ይቺ ነርስ ወልዳ ታውቃለች?" አሉ።

"አላውቅም፣ እማማ።"

"አልወለደችም። አየኋት እኮ።"

ልብሱን አንድ ድርብ ቀነሱ፤ ለእኔ ሲሉ። መስኮቱን ግን አልነኩትም።

አስፋልቱ ዳር፣ ታክሲ የሚቆምበት ጋ፣ ቀርቀሃ እየሰነጠቁ የዶሮ ቤትና አጥር የሚሠሩ አንድ የጋሞ ሽማግሌ ነበሩ። በአገራቸው ከቀርቀሃ ተሸምኖ የሚቆመውን ረጅም ቤት የሚሠሩ፣ እሱንም ለሰማም ላልሰማም የሚናገሩ ጉረኛ ነበሩ። ታፔላ ልጻፍልዎ ብያቸው "ሥራዬ እየታየ ምን ይጻፋል? ታፔላ ሥራው ለማይታይ ሰው ነው" ብለው በሰው ፊት አሳፍረውኛል። ከሰው ሁሉ ልሄድ የማልፈልገው እሳቸው ጋ ነበር። ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ቤቴ ሞቀብኝ።"

"የቱ ቤት? ያ ከሩቅ የማየው ያረረ ድስት ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ጌታ ይርዳህ። ማነው እንዲህ የቀባልህ ጠላትህ?"

"እኔ ነኝ።"

ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ልማድ ነው። "ጨቅላ አለችበት" ስላቸው ግን ቢላዋቸውን አስቀመጡና ተነሱ።

መጥተው ግድግዳውን በእጃቸው ጀርባ ነኩት፤ ቶሎ ሸሹት። ቤቱን ዞሩት። "ራቁቱን ፀሐይ ላይ አቁመኸዋል" አሉ። "ቤት ልብስ ይፈልጋል። የእኛ ቤት ቀርቀሃው ይሸመናል፣ በላዩ የእንሰት ልብስ ይለብሳል። ፀሐይ ልብሱን ትመታለች እንጂ ገላውን አታገኘውም።"

"ሣር ላልብሰው?"

"ይሄ ሁሉ ቆርቆሮ ቤት ተጠጋግቶ ከሰል በሚያነድበት ሰፈር? ልጅቷን ከሙቀት አውጥተህ በእሳት ልትጨርሳት ነው?" ጣሪያውን በዓይናቸው ለኩ። "ቀርቀሃ እሸምናለሁ። ጣሪያውንና ፀሐይ የምትገባበትን ግድግዳ ከላሜራው አንድ ስንዝር ራቅ አድርገን እናለብሰዋለን። አየር በመሃል ይሂድ። አንተ ይሄን ጥላሸትህን በኖራ አጥፋ። ከዚያ ደግሞ ይተንፍስ። በመስኮቱ ይግባ፣ ከኋላ ከጣሪያው ሥር ቀዳዳ ይውጣለት፣ በዚያ ይሂድ።"

አማቴ መጋረጃው ጀርባ ነበሩ። "ምን አሉ ሽማግሌው?" አሉኝ።

"ውጭውን እናልብሰው፣ መስኮቱን ደግሞ..."

"ውጭውን እንደወደዱ ያድርጉ። መስኮቱን የሚነካ ግን አስቀድሞ እኔን መንዝ ይሸኘኝ።" ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በርጩማቸውን አንስተው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ።

ሽማግሌው ሸመኑ፤ እኔ ጥቁሬን በኖራ ሸፈንኩ። ሰፈሩ ቆሞ ያያል። "ምነው፣ ቤቱ ሐዘኑን አወጣ?" ይለኛል አንዱ። "አንተ፣ ለቤትህ ቆብ ገዛህለት?" ይለኛል ሌላው። የቀርቀሃው ልብስ ጣሪያው ላይ ሲወጣ እኩለ ቀን ላይ ግድግዳውን በእጄ ነካሁት፤ አስነካኝ። የላሜራው ጩኸት ቆመ። ደስ ብሎኝ ገባሁ። ገብቼ ደስታዬ በላብ ታጠበ። የውጭው እሳት ቀንሷል፤ የውስጡ ግን የከሰሉ፣ የገንፎው፣ የሰዉ ትንፋሽ መውጫ አጥቶ እዚያው ይዞራል። ሽማግሌው አንገታቸውን በመጋረጃው አስገብተው ቶሎ አወጡት። "ልብስ ለብሷል፤ አፉ ግን እንደታፈነ ነው" አሉኝ።

ያን ቀን ወደ ማታ ላይ ልጅቷ ትንሽ ጠባችና አንገቷን ጣል አደረገች። ሚስቴ ጉንጯን በጣቷ ነካ ነካ ታደርጋታለች። አየችኝ። የዚያ ሳጥን ፈላጊ "የሕፃን ልክ አላችሁ?" የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ።

በዚህ መሃል አንዲት ጎረቤት ገባች። "መስኮቱ ተዘግቷል አይደል?" አማቴ ቀና ብለው አዩት፤ "ተዘግቷል።" ጎረቤቷም አየችውና ተቀመጠች።

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። መስኮቱን የሚነካው የለም። ሁሉም ያየዋል እንጂ። እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የምችለው ሥራ አንድ ነው፤ ሰው የሚያየውን መሥራት። ሳንባ ነቀርሳ የያዘው የመሰለ ሱቅ ላይ "ሱፐር ማርኬት" ብዬ ጽፌ ሰው ያስገባሁ ሰው አይደለሁም እንዴ?

ሮጥኩ። "ጋሼ፣ ዓይን የማያልፈው፣ አየር የሚያልፈው ነገር ይሸመናል?"

"ስንጥቁን አዘንብዬ ከደራረብኩት ይሆናል። ለምንህ ነው?"

"በመስኮቱ ፋንታ ልገጥመው። በውስጥ በኩል የተዘጋ መስኮት አድርጌ ልስለው።"

ቢላዋቸውን ቁጭ አደረጉ። "ውሸት ነው" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ጌታ ይቅር ይበልህ።" ቢላዋቸውን አነሱ። "ስንት በስንት ነው?"

በማግስቱ ሽመናው ደረሰ። እኔ እንደ ልማዴ ብሩሼን ቀለም አጥግቤ፣ ግጥም አድርጌ ቀባሁት። ሽማግሌው አነሱና አፋቸውን ለጥፈው "እፍ" አሉበት። ጉንጫቸው ተነፋ እንጂ ምንም አልወጣም።

"ደፈንከው! እኔ የከፈትኩትን አንተ በልስን ሞላኸው! ቀለም ነው ወይስ ገንፎ?"

እንደገና ሸመኑ፤ እየተሳደቡ። በዚህኛው ቀለሙን በጨርቅ ጫፍ፣ ደረቅ አድርጌ፣ የስንጥቁን ፊት ብቻ እየዳበስኩ ሄድኩ። እሳቸው ከጀርባው ጉንጫቸውን አስጠግተው ይቆማሉ፤ እኔ ከፊት ዳበስ አድርጌ እፍ እላለሁ። "አለ" ካሉኝ እቀጥላለሁ። "የለም" ካሉኝ በምስማር እጎረጉራለሁ። እንዲህ ሆነን ሣልነው። የድሮውን ጣውላ ከነስንጥቁ፣ ከነዓይኑ፤ የዛገውን ማጠፊያ፤ መቀርቀሪያውን፤ አማቴ ጠርዙ ላይ የወተፉትን ቡትቶ ሳይቀር ከነእጥፋቱ። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ የሣልኩት ነገር የለም። ብዙ ሰው እንዲያየው ሳይሆን አንድ ሰው እንዳያስተውለው የሣልኩት ሥዕል እሱ ብቻ ነው።

መግጠሚያው ቀን የመጋቢት አቦ ዕለት ሆነ። አማቴ ከዚያ መስኮት ሥር የሚነሱት ለአቦ ብቻ ነው። ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ "ልጄ፣ መስኮቱን" ብለው ለሚስቴ አደራ ሰጥተው ወጡ። በዓሉ ለእኔም በዓል ነው፤ በአቦ ዕለት መዶሻ ያነሳ ክርስቲያን ምን እንደሚሆን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገረኝ አድጌያለሁ። ሽማግሌው ጴንጤ ናቸው። "የታሰረው ያንተ እጅ ነው፤ የእኔ አይደለም። አንተ ያዝልኝ፣ እኔ ልምታ" አሉኝ። እኔ ያዝኩ፤ እሳቸው መቱ። ከቤተክርስቲያኑ ከበሮ ይሰማል፤ ከእኛ ቤት መዶሻ።

መጀመሪያ ከኋላ፣ ከጣሪያው ሥር ላሜራውን ቀደው መውጫውን ከፈቱ። ከዚያ እውነተኛውን መስኮት ከነመቀርቀሪያው ነቀልነው። አየሩ ገባ። ሚስቴ ዓይኗን ጨፈነች።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ረስቼው ነበር።"

ሽመናውን ስንገጥመው እንቢ አለ። ጎኑ በልጧል። ሽማግሌው ጠርዙን በቢላዋ መላጥ ጀመሩ፤ እኔ እልል የሚለውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ታቦቱ ሊገባ ነው። ከገባ አማቴ መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው።

"ጋሼ፣ ይፍጠኑ!"

"አታጣድፈኝ! ካጣደፍከኝ እሰብረዋለሁ፤ ከሰበርኩት ደግሞ አንተን ነው መስኮቱ ላይ የምገጥምህ።"

ገባ። የመጨረሻው ምስማር ሲመታ መዶሻው ስቶ የሣልኩትን መቀርቀሪያ ላጠው። ቀለም በጣቴ አንስቼ፣ ዝገቱን መልሼ ዳበስኩት። እርጥብ ነው። ሽታውን ምን አደርገዋለሁ? ብዬ ደነገጥኩ፤ ከዚያ እኔ ራሴ ዘወትር ቀለም ቀለም እንደምሸት ትዝ አለኝ። ሽማግሌው እውነተኛውን መስኮት በብብታቸው ይዘው በጓሮ ወጡ፤ አማቴ በፊት ለፊት ገቡ።

ከአቦ ጸበል ይዘው መጥተዋል። ልጅቷን ረጩ፤ ልጃቸውን ረጩ፤ እኔንም ረጩኝ፤ እውነትም ያስፈልገኝ ነበር። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዘወትር ቀና ብለው የሚያዩት ሴትዮ ያን ቀን ሄዱበት። ጥጉ ድረስ ሄደው፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ቆሙ። እጃቸው ነጠላው ውስጥ ነው፤ ይንካ አይንካ አይታየኝም። ሚስቴ ልጅቷን እቅፏ ውስጥ ጨምቃ ይዛለች። እኔ ምን እንደምል በልቤ አዘጋጃለሁ፤ "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሞኝ ነኝ"፤ ሞኝነቴ እንኳን ማስረጃ አያስፈልገውም። እሳቸው አይዞሩም። ቀርቀሃው ነፋስ ያስገባል፤ ከነጠላቸው ጫፍ አንዱ ክር ወዝወዝ ሲል አየሁ መሰለኝ። ላብ ዓይኔ ገብቶ ነበርና እርግጠኛ አይደለሁም።

"እንኳን አደረሳችሁ!" ብላ ጎረቤታችን ገባች። "መስኮቱ ተዘግቷል አይደል? ዛሬ ውጭው ነፋስ ነው።"

አማቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ትንፋሽ በመያዝ ተክኜ ነበር።

"ተዘግቷል" አሉ። ዞረው እዚያው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ፣ ያ የላሜራ ቤት የሚፈላበት ሰዓት ላይ፣ ቤቱ አልፈላም። አጎንብሼ የመደርደሪያውን አዲስ ሻማ አየሁት፤ ቀጥ ብሏል። ወደ መስኮቱ ጠጋ ስል የሣልኩት መቀርቀሪያ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። የራሴ መስሎኝ አለፍኩት። ወዲያው ልጅቷ አነጠሰች። ቀጥላ አለቀሰች፤ ጨዋነቷን ትታ፣ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ልቅሶ። ሚስቴ ጡት ሰጠቻት። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ስትውጥ ይሰማኛል፤ ጉርጭ፣ ጉርጭ። ሚስቴ አጎንብሳ የልጅቷን ራስ ሳመች።

"አያችሁ?" አሉ አማቴ። "የአቦ ጸበል!"

"እውነት ነው፣ እማማ" አልኩ።

በዚያ በጋ ቆርቆሮ ቤት ያለው ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ግድግዳችንን ነካ፤ ከዚያ ሽማግሌው ጋ ተሰለፈ። መስኮት ደግሞ እኔ ጋ ታዘዘ፤ አንዱ ሐዋሳ ሐይቅን፣ አንዷ ጽጌረዳ፣ አብዛኛው እመጫት ያለበት ቤት ግን የተዘጋ መስኮት። ሽማግሌው አሁንም ታፔላ አላጻፉም። እኔን ለሰው ሲያስተዋውቁኝ "ይሄ ቤቱን ያሳረረው ሰውዬ ነው" ይላሉ። ልጄም አድጋ ታክሲ ውስጥ መስኮት እየከፈተች ከተሳፋሪ ጋር የምትጣላ ልጅ ወጥታለች፤ ስድቡን እኔ ነኝ የምቀበልላት።

አማቴ ልጅቷ ክርስትና እስክትነሳ ቆዩ። በርጩማቸው ከመስኮቱ ሥር አልተነሳም፤ ሙቀቱ በጠና ቁጥር እንዲያውም ይበልጥ ተጠጋው። ዝናቡ ሊጀምር ሰማዩ ሲጠቁር አገሬ ልግባ አሉ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ መስታወቱን በመከራ ገፋ አድርገው በጣታቸው ጠሩኝ። ተጠጋሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም "አንተ" አሉኝ።

"ያ የሣልከው መስኮት ለበጋ ደግ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "ክረምት ሲገባ ግን ያንን እውነተኛውን ከሽማግሌው ተቀብለህ ግጠምበት። አለዚያ አንተም እንደ እኔ ብርድ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ።"